ቡጢኛውን ማን ይቅረጸው?

የአንድን ጀግና ሕይወት በፊልም እንሥራ ሲባል በኛ አገር የመጀመሪያው ጥያቄ «ስፖንሰሩ ማነው?» ነው። ሁለተኛው «ማን ይተውነው?» ይሆናል፤ እሱም ቢሆን በመልክ የሚመስለው ማነው ለማለት ነው። ዳይሬክተሩ የሚታወሰው ሦስተኛ፣ አንዳንዴም ከምሳ ግብዣው በኋላ ነው። ኮሚቴው ተቋቁሞ፣ ባነሩ ታትሞ፣ ፎቶው ተነስቶ ሲያበቃ አንድ ደግ ሰው ከኋላ ወንበር ብድግ ይልና «ለመሆኑ ማን ሊያዘጋጀው ነው?» ይላል። መልሱ ዝግጁ ነው፤ «እሱ ችግር የለውም፣ ሰው አለ!»

ይቺን «ሰው አለ» የምትባል ነገር ዛሬ እስቲ ትንሽ እናገላብጣት። የፊልሙ ዕጣ የሚወሰነው እዚህች ላይ ነውና። ተዋናይ ቢሳሳት ትዕይንቱ ይደገማል፣ ብር ቢያልቅ ይለመናል። ዳይሬክተሩ ግን አንዴ ከተመረጠ ሰውየው በማን ዓይን እንደሚታይ ተወሰነ ማለት ነው። ልጆቻችንም ያንን ሰው ለዘላለሙ በዚያ ዓይን ነው የሚያዩት። መጽሐፍ የሚያገላብጥ ስንት ሰው አለና!

ነገራችን በአየር ላይ እንዳይቀር መሬት እንስጠው፤ ባሌ እንውጣ። ከጎባ ወይም ከሮቤ የተነሳ አንድ ቡጢኛ አለ እንበል። ስም አንስጠው፤ ሐሳብ ነው። ደጋው ላይ ያደገ፣ አዲስ አበባ ወርዶ ክለብ የገባ፣ ያሸነፈ፣ የተሸነፈም። አሁን ዕድሜው ገፍቷል፣ የባሌ ተወላጆችም ሕይወቱን በፊልም እናስቀርጽ ብለው ተሰብስበዋል። ማንን ይምረጡ?

«ለምን ባሌ?» ትሉኝ ይሆናል። ጎረቤቱ አርሲ ከአሰላም ከበቆጂም ሯጮቹን ለዓለም ሲኒማ ሰጥቷል። ካሜራ ባሌን የሚያውቃት ግን በቀበሮዋ ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ስለሆነ፣ የዱር እንስሳት ፊልም ሠሪዎች ከባሕር ማዶ ድረስ እየመጡ ሳነቴ ላይ በብርድ ተኮራምተው ይከርማሉ። እሰየው፣ ይምጡ። ፓርኩም በ2023 (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማነሳው) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ነገር ግን ቀበሮዋ አይጥ ስታድን በቀስታ እንቅስቃሴ አይተናታል፤ በዚያው መንገድ ፈረሱን ጭኖ ገበያ የሚወርደውን ሰውዬ ማን አየው?

«ለምን ቡጢኛ?» ለሚለውም መልስ አለኝ። ኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ ከአትሌቲክስ የመጡ ናቸው። ቡጢኞቻችን፣ በ1972 ሙኒክ ላይ ለአገሩ የተሰለፈውን ሰይፉ መኮንንን የመሳሰሉት፣ ከሯጮቹ ጥላ ሥር ቀርተዋል። ደግሞም ሯጭ የሚያሸንፈው ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ቡጢኛ የሚያሸንፈው የሰው ፊት ነው። በእሱ ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሌላ ሰው አፍንጫ አለ፣ የሌላ ሰው እናት አለች። ስለዚህ የቡጢኛን ሕይወት የሚቀርጽ ሰው ሲመረጥ ለሌሎች ፊልሞች የማይነሳ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ያኛውን፣ በዝረራ የወደቀውን፣ በምን ዓይን ያየዋል?

እንግዲህ ኮሚቴው ፊት ሦስት ዓይነት ሰዎች ይቀርባሉ። አንደኛው ስመ ጥሩ ነው፤ ስሙ ፖስተር ላይ ሲጻፍ ከፊልሙ ርዕስ ይበልጣል። ሁለተኛው ፈረንጅ ነው። ሦስተኛው የአገር ልጅ ነው። በየተራ እንያቸው፤ ዓለምም በነዚህ ሦስቱ ተፈትኖባቸዋልና።

ከስመ ጥሩው እንጀምር። ጃፓኖች የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊልም ለማስቀረጽ ሲነሱ መጀመሪያ የመረጡት የታላቆቹን ታላቅ፣ አኪራ ኩሮሳዋን ነበር። ከዚህ በላይ ስም ከየት ይመጣል? ኩሮሳዋ ግን የመክፈቻና የመዝጊያ ሥነ ሥርዓቱን ጭምር እኔ ልምራ አለ። አልተስማሙም፤ ሥራው ውድድሩ ሲቃረብ ለኮን ኢቺካዋ ተሰጠ። ኢቺካዋ ምን ሠራ? ባለ ሜዳሊያዎቹን አልናቃቸውም፤ ግን ዓይኑን ወደ ሌሎቹም መለሰ። ነጻ ከወጣች ገና አራት ዓመት ከሆናት ከቻድ የመጣ አንድ ብቸኛ የ800 ሜትር ሯጭ ተከትሎ፣ ብቻውን ሲበላ ብቻውን ሲሄድ አሳየን። ማራቶኑ ላይ ደርሶ ደግሞ የአበበ ቢቂላን ፊት በዝግታ እያቀረበ ረጅም ጊዜ ቆመበት። ከአበበ ኋላም እግራቸው የደማውን፣ ትንፋሽ አጥሯቸው የተዘረሩትን አልዘለላቸውም።

ፊልሙ በ1965 ሲወጣ የኦሎምፒኩ ኃላፊ የነበሩት ሚኒስትር በአደባባይ ተቆጡ። ይህ ጥበብ ነው እንጂ መዝገብ አይደለም፣ የጃፓን ድል የታለ የሚል ነበር ነገሩ። ዛሬ ስለ ስፖርት ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ከምርጦቹ ተርታ የሚቆጠረው ያው የተቆጡበት ፊልም ነው። እኛም አበበን በሙሉ ክብሩ ማየት ስንፈልግ የምናየው ኮሚቴው በሁለተኛ ደረጃ በመረጠው ሰው ዓይን ነው። ኩሮሳዋ ያንሳል ለማለት አይደለም፤ ስም የፊልም ዋስትና አይደለም ለማለት ነው። ኮሚቴ የሚወደው ዳይሬክተርና ጀግናው የሚያስፈልገው ዳይሬክተር አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ።

ወደ ፈረንጁ እንለፍ። እዚህ ከባሌ ብዙ ሳንርቅ አሰላ ላይ ምሳሌ እናገኛለን። በ1999 በዲዝኒ በኩል ለእይታ የበቃው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ ነው። ያዘጋጀው እንግሊዛዊው የዘጋቢ ፊልም ሰው ሌስሊ ውድሄድ ሲሆን ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዱ ታዋቂው ቴሬንስ ማሊክ ነበር። ውድሄድ አንድ ብልህ ነገር አድርጓል። ከሎስ አንጀለስ ተዋናይ አላስመጣም። ኃይሌን ራሱን አስተወነው፤ የልጅነቱን ክፍል ለእህቱ ወይም ለወንድሙ ልጅ ሰጠው፤ ከቤተሰቡም አሳተፈ። ልጁ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ሩጫው የእውነት ነው፤ ማሳውም የእውነት ማሳ ነው።

ነገር ግን ጀግናው ራሱን ሲተውን ዳይሬክተሩ ምን ሊለው ይችላል? «እዚህ ላይ ፈርተህ ነበር፣ እዚህ ላይ ሰው በድለሃል» ይለዋል? ፊልሙ የሚያደርሰን አትላንታ 1996 ድል ላይ ነው። ያን ቀን ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ07.34 ሴኮንድ ሲገባ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው የተከተለው። በፊልሙ ውስጥ ቴርጋት ተፎካካሪ ነው፣ በቃ። ሰው ሆኖ አናገኘውም። ሩጫ ስለሆነ አለፈልን እንበል። በቡጢ ፊልም ግን እንዲህ ያለው ነገር አያልፍም።

ለነገሩ ይህን ቡጢኞቹም ሞክረውታል። በ1977 «ዘ ግሬተስት» በተባለው ፊልም ላይ መሐመድ አሊ ራሱን ተውኗል። ካሜራው ከሰውየው በታች ሆኖ ቀና ብሎ ነው የሚያየው። በቀጣዩ ዓመት አሊ በሊዮን ስፒንክስ ተሸነፈ፤ በኋላም ሕመሙ መጣ። ፊልሙ ግን ይህ ሁሉ ሊመጣ እንደሚችል የሚጠረጥርበት ዓይን አልነበረውም። አሊን አሊ ራሱ መርጦት፣ አሊ ራሱ አጽድቆት የወጣ አሊ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ አስቸጋሪው፣ ወደ አገር ልጁ እንምጣ። «የኛን ታሪክ የኛ ልጅ ይሥራው» የሚለው ክርክር በኛ አገር ብቻ ያለ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። አሜሪካ ውስጥ የማልኮም ኤክስን ሕይወት ለመሥራት መጀመሪያ የታጨው ነጩ ካናዳዊ ኖርማን ጁዊሰን ነበር። ስፓይክ ሊ ይህን ጥቁር ሰው እንጂ ነጭ ሊሠራው አይገባም ብሎ ተነሳ፤ ጁዊሰንም ለቀቀ፤ ሊ በ1992 ፊልሙን አወጣ። እሺ፣ ተፈታ? አልተፈታም! ገና ቀረጻው ሳይጀመር ጥቁሩ ገጣሚ አሚሪ ባራካ ሰልፍ ወጥቶ «ይህ ልጅ ማልኮምን ያበላሽብናል» ብሎ በስፓይክ ሊ ላይ ጮኸ። የአገር ልጅነት መለኪያ ሲሆን ወሰን የለውም ማለት ነው፤ ዛሬ በክልል፣ ነገ በዞን፣ ከነገ ወዲያ በወረዳ ይወርዳል። ሮቤና ጎባ በመካከላቸው ያለው መንገድ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ግን አንዱ «የኛ ቡጢኛ» ቢል ሌላው ዝም የሚል ይመስላችኋል?

ሆኖም የስፓይክ ሊን ሥጋት ቀልድ አናድርገው። ጁዊሰን ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ የሌላ ጥቁር ሰው ታሪክ ሠራ። እሱም ቡጢኛ ነው፤ ሩቢን ካርተር፣ በቅጽል ስሙ «ሃሪኬን»። ካርተር በ1967 በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት፣ ፍርዱ ፍትሕ የጎደለው መሆኑን የፌዴራል ዳኛ በ1985 ወስኖለት የወጣ ሰው ነው። ይህ በደል ብቻውን ለአሥር ፊልም ይበቃል። ጁዊሰን ግን አልበቃውም። ካርተር በ1964 ከሻምፒዮኑ ጆይ ጃርዴሎ ጋር ያደረገውን ግጥሚያ፣ ካርተር አሸንፎ ሳለ ነጭ ዳኞች በዘረኝነት እንደነጠቁት አድርጎ አሳየው። በቦታው የነበሩት የስፖርት ጋዜጠኞች ግን ጃርዴሎ በነጥብ በሚገባ ማሸነፉን ይመሰክራሉ። ያን ጊዜ ጃርዴሎ በሕይወት ነበርና ከሰሰ፤ ጉዳዩም ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ።

የጁዊሰን ጥፋት ነጭነቱ አይደለም። የተገፋ ሰው ወዳጅ ነበር፤ ችግሩ ከመጠን በላይ ወዳጅ መሆኑ ነው። ጀግናውን ከፍ ለማድረግ ሲል ሪንጉ ውስጥ ያለውን ሌላኛውን ሰው ሰረቀው። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ «ግጥሚያው ውሸት ከነበረ እስር ቤቱስ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል? በሐሰት የተቀባ ጀግና እውነተኛው በደሉ ሳይቀር ይጠረጠርበታል። ይህን ጥፋት የአገር ልጅም ሊያጠፋው ይችላል፤ እንዲያውም ከፍቅር ብዛት የሚያጠፋው እሱ ነው።

ታዲያ ስመ ጥሩውም፣ ፈረንጁም፣ የአገር ልጁም ካልሆኑ ማን ይምጣ? ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። መለኪያው ሌላ ነው፤ እሱን ለማየት ስለ ቡጢ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ትልቁ ወደሚባለው እንሂድ።

በ1980 የወጣውን «ሬጂንግ ቡል» የተባለውን የጄክ ላሞታን ታሪክ የሠራው ማርቲን ስኮርሴዚ ነው። መጽሐፉን አምጥቶ እንሥራው እያለ የወተወተው ተዋናዩ ሮበርት ደ ኒሮ ነበር። ስኮርሴዚ ስፖርት አይወድም፤ ቡጢም አይገባውም፤ ለዓመታት እምቢ አለ። በ1978 ታሞ ሆስፒታል ከገባና ሞትን ካየ በኋላ ነው ላሞታን የተረዳው። ራሱን በገዛ እጁ የሚያጠፋ ሰው ምን እንደሆነ ሲገባው «እሺ» አለ። ቡጢን የማያውቀው ሰው የቡጢን ትልቅ ፊልም ሠራ ማለት ነው። ካሜራውን ከገመዱ ውጭ፣ ተመልካቹ ጋ አላስቀመጠውም፤ ሪንጉ ውስጥ ይዞት ገባ።

ላሞታ በፊልሙ ውስጥ ሚስቱን ይመታል። ሚስቱ «ቆንጆ ልጅ ነው» ስላለችው ብቻ የቶኒ ጃኒሮን ፊት እስኪጠፋ ይቀጠቅጠዋል፤ ያን ጊዜ እኛ የምናዝነው ለጃኒሮ ነው። በ1947 ገንዘብና ሥልጣን ላላቸው ወሮበሎች ሲል ሆን ብሎ የተሸነፈው ግጥሚያም አልተደበቀም። ላሞታ በሕይወት ነበር፤ ደ ኒሮን ያሠለጠነው እሱ ራሱ ነው። ፊልሙን ካየ በኋላ የቀድሞ ሚስቱን «እውነት እንዲህ ነበርኩ?» ብሎ ሲጠይቃት ከዚህም ትብስ እንደነበር ነገረችው ይባላል። ስንት የኛ ጀግና ነው ይህን ጥያቄ በአደባባይ ለመጠየቅ የሚደፍረው? ስንት ቤተሰብስ ነው የሚፈቅደው?

እኛም ዘንድ የተሞከረ አለ። በ2009 ራስሰላስ ላቀውና አሜሪካዊው ዴቪ ፍራንክል አብረው ያዘጋጁት «አትሌቱ» የአበበ ቢቂላ ፊልም ነው፤ ራስሰላስ አበበን ሆኖም ተውኗል። አንድ ኢትዮጵያዊ፣ አንድ የውጭ ሰው፤ የኮሚቴዎቻችን ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል። ሁለቱ ሰዎች ሮምን እንደገና ለመቅረጽ አልደከሙም፤ የሮም ድል በቆዩ ምስሎች አለና። ትኩረታቸውን የጣሉት ከ1969ኙ የመኪና አደጋ በኋላ ባለው አበበ ላይ ነው። እግሩ አልታዘዝ ያለው፣ እንግሊዝ አገር ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት የሚወረውረው፣ ኖርዌይ በረዶ ላይ ውሻ በሚስበው ተንሸራታች የሚወዳደረው አበበ ነው ፊልሙ። ፊልሙ እንከን የለውም አልልም፤ ቅንብሩ አንዳንድ ቦታ ይዝላል። ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል። «ይህ ሰው ሲሮጥ ማን ነበር?» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «መሮጥ ሲከለከልስ?» ብሎ የጠየቀ ነው ዳይሬክተር።

እንግዲህ ወደ ባሌው ኮሚቴ እንመለስ። እኔ ሰብሳቢ ብሆን (አያድርገውና!) ለዕጩዎቹ የትውልድ ቦታና የሽልማት ዝርዝር አልጠይቅም ነበር። ዝም ብዬ ምን እንደሚጠይቁኝ ነበር የማዳምጠው።

«ድሮን ማብረር ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ የሚጀምር ዕጩ ይቆየን። ፊልሙን ገና ሳይሠራ አየሁት፤ ሳነቴ ከሰማይ፣ ጭጋግ፣ ዋሽንት፣ ከዚያ የእናት ለቅሶ። 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ቡጢኛውን አይሠራውም፤ ደጋ ላይ የተወለደ ሁሉ ቡጢኛ ቢሆን ኖሮ ባሌ በሙሉ ጓንት አጥልቆ ነበር የሚውለው።

«አባትየው በየትኛው ወር ነው የሚያርሱት?» የሚል ዕጩ ግን ወንበር ይሳብለት። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለቴ የሚዘራበት አገር ነው፤ ገበሬው ወቅቶቹን «ገና» እና «ቦና» ይላቸዋል (የልደቱ ገና አይደለም)። ስንዴውን የሚያጭደው ደግሞ ብዙ ቦታ ኮምባይነር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ በአእምሮው የሠራውን «ገጠር» ጭኖ ይመጣና፣ ኮምባይነሩን ከካሜራው ዞር አስደርጎ በሬ ያበራያል። ከዚያ የሮቤ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ የራሱን አገር እንደ ጎብኚ ይመለከታል።

«እናትየው በየትኛው ቋንቋ ይናገሩ?» ያለ ዕጩማ ሻይ ይጠራለት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በየፊልሙ የገጠር እናት አማርኛ ተሰጥቷት፣ አማርኛው ተሰባብሮ፣ አዳራሹ ሲስቅባት ኖሯል። የባሌ እናት ልጇን የምትመርቀው በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ ትመርቀው፤ ጽሑፍ ከሥር ይሂድ። ጎባና ሮቤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ ይውላሉና እሱም እንዳለ ይቅረብ። ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ቋንቋው ሲሳቅበት የጨበጠው ቡጢ ምናልባት የመጀመሪያው ቡጢው ይሆናል፤ ይህን የሚያይ ዳይሬክተር ግማሹን መንገድ ጨረሰ።

ይህ ሁሉ ሲነገር ግን ከኮሚቴው ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን መጥረጉ አይቀርም። «ጥሩ ነው፣ ግን ስለ መጠጡ አይነሳም፣ ስለ መጀመሪያ ሚስቱም አይነሳም፣ የተሸነፈበትን ምን ያደርግልናል?» እዚህ ላይ ነው ዳይሬክተሩም ኮሚቴውም የሚለዩት። ይህን በጸጋ ተቀብሎ «ችግር የለውም፣ እናስተካክለዋለን» የሚል ዳይሬክተር የኮሚቴው ሰው እንጂ የፊልሙ ሰው አይደለም። ሐውልት ከፈለጋችሁ ድንጋይ ጠራቢ ጥሩ፤ ዋጋውም ይረክሳል። ፊልም ከፈለጋችሁ ግን የወደቀበትን ቀን ስጡ። ያሸነፈበትን ቀንማ ጋዜጣው ጽፎታል።

ጊዜውም አይጠብቅም። ቡጢያችን ለረጅም ዘመን በጦሩና በፖሊሱ ቤት ያደገ ስፖርት ነው፤ ታሪኩ ያለው በፊልም ማኅደር ሳይሆን በሽማግሌ አሠልጣኞች ራስ ውስጥ ነው። ሯጭ ሲያልፍ ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራል። የቡጢኛ ዙር ግን ያዩት ሰዎች ሲያልቁ አብሮ ያልቃል። እኛ «የማን ልጅ ይሥራው» እያልን ስንሟገት የሚያስታውሰው ሰው ወደ መቃብር ይወርዳል።

ስለዚህ የኔ ምክር አጭር ነው። ዕጩዎቹን ሁሉ ጥሯቸው፤ ከአዲስ አበባም፣ ከውጭም፣ ከዚያው ከጎባም። ታሪኩን ንገሯቸውና ዝም በሉ። ከመካከላቸው አንዱ ማስታወሻውን አጥፎ፣ «ለመሆኑ ያ በሦስተኛው ዙር በዝረራ የጣለው ሰውዬ አሁን የት ነው ያለው? ላነጋግረው እችላለሁ?» ካለ፣ በሩን ዝጉና ውሉን አውጡ። እሱን ነው የምትፈልጉት።